ለሙሽሪት የተላከ ሂና

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልጀምርና ሁሉንም ራሴ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ይነግራችሁና አክፍቶ ያቀርብላችኋል። ስሜ ምስራ ነው። መሳለሚያ፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ በሚያስገባው ቅያስ ውስጥ ሳህንና ድስት እሸጣለሁ። ባሌ ከሞተ አስራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ልጆቼም አግብተው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሰው እተርባለሁ። ክፉ ሴት አይደለሁም። ዝምተኛ ሰው ሳይ ግን ምላሴን ይበላኛል።

ከሱቄ ግድግዳ ወዲያ ያለው ደግሞ የዝምተኞች ሁሉ አለቃ ነው። አብዱልሰላም ይባላል፤ ቢላ ይሰራል። ሰላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል፤ ለተረብ ከሱ የተመቸ ሰው አላህ የፈጠረ አይመስለኝም። የሚታወቀው በእጀታ ነው። እጀታ ሲገጥም ያየው ሰው ግን ቢላ የሚሰራ ሳይሆን ህጻን የሚያጥብ ነው የሚመስለው።

ስራው እንዲህ ነው። ስለቱ ከኋላው ቀጭን ጭራ አለው። ጭራው በነሐስ አንገት ውስጥ አልፎ ወይራው እጀታ ውስጥ ይገባል። አብዱልሰላም እጀታውን ከመግጠሙ በፊት ስለቱንም ነሐሱንም በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ለስላሳው ድረስ፣ ጥርስ እስኪያሳይ ያሻቸዋል። ከዚያ እጀታው ጉድጓድ ውስጥ ማጣበቂያ ሞልቶ ጭራውን ሲከተው፣ ትርፉ ማጣበቂያ በአንገቱ ዙሪያ ተጨምቆ ይወጣና ያ መስታወት የመሰለ ነሐስ ላይ ይተኛል። ካልደረሱበት ይደርቃል። ከደረቀ በምላጭ ይፋቃል፣ ሲፋቅ ነሐሱ ይጫራል፣ ከተጫረ እንደገና ከሻካራው ወረቀት መጀመር ነው፤ አሁን ደግሞ እጀታው ስለተገጠመ ወረቀቱ ጥጉ ውስጥ አይገባለትም፣ ወይራውንም ይበላበታል። በዚህች ምክንያት ስንት ቀን ምሳውን ሳይበላ እንደዋለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማጣበቂያው በሁለት ቱቦ ነው የሚመጣው። ለየብቻቸው ዓመት ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም፤ ተገናኝተው አምስት ደቂቃ ሲሞላቸው ግን ድንጋይ ናቸው። አብዱልሰላም ነጩን ቱቦ ሙሽራው፣ ቢጫውን ሙሽሪት ይላቸዋል። ሲያማስላቸው ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነው። መያዝ ሲጀምር ኒካው ሊታሰር ነው፤ ሲደርቅ ኒካው ታሰረ። ነሐሱ ላይ ሾልካ ወጥታ የምትተኛውም ሁልጊዜ ሙሽሪት ናት፣ ቢጫ ስለሆነች። ራሱ ሚስት ሳያገባ በቀን ሦስት ጊዜ ቱቦ የሚድር ሰው ነው እንግዲህ። ይህን ቋንቋ ቅያሱ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ግን ሀገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል።

ሦስት በር አልፎ ካሚላ የውበት ሳሎን አላት። ጸጉር ትሰራለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ለሙሽሮች ሂና ትስላለች። ከኮምቦልቻ ከመጣች አራተኛ ዓመቷ ነው። አብዱልሰላም በየሳምንቱ መቀሷን ይሞርድላታል። የካሚላን መቀስ የጨረሰው ጸጉር ሳይሆን ሞረድ ነው እያልኩ ስተርበው ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል፤ በሳምንቱ ግን መቀሱ ያው ይደንዛል። እሷም ታውቃለች፣ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ለአባቷ ለሐጂ አብዱልከሪምም አንድ ሰው እንዳለ ነግራቸዋለች። የቀረው እሱ አፉን ከፍቶ እንዲናገር ብቻ ነው፤ አፍ መክፈት ግን የአብዱልሰላም ሙያ አይደለም።

ካሚላ ከዚህ በፊት ታጭታ ነበር። የሰርግ ልብስ እየመረጠች ሳለ ሰውየው ደሴ ላይ ሌላ ሴት ኒካ አሰረ። ወሬውን የሰማችው ከራሱ አልነበረም፤ ቲማቲም ልትገዛ ጎንበስ ስትል ከባለጉልቷ አፍ ነው። ይህን ራሷ ነግራኛለች፣ ጸጉሬን ስትጠቀልልልኝ። ስለዚህ አላወቅኩም ብዬ ልምል አልችልም።

ነገሩ የተጀመረው በጋሼ ውብሸት ትእዛዝ ነው። ጋሼ ውብሸት አማኑኤል ሉካንዳ ቤት አላቸው፤ ፍልሰታ ሲፈታ ሁለተኛ ቤት ሊከፍቱ ስለነበር ባለ ነሐስ አንገት ስድስት ቢላ አዘዙ። የመጀመሪያውን ሊያዩ መጥተው አንገቱ ላይ የደረቁትን ነጠብጣቦች በጣታቸው እየነካኩ፣ ይሄ ቢላ ኩፍኝ ወጥቶለታል እንዴ ብለው መለሱት። እኔ ሳቅኩ። አብዱልሰላም ግን ሁለት ቀን ሰው አላናገረም። በሦስተኛው ቀን መቀስ ሊመልስ ካሚላ ጋ ሲሄድ ችግሩን አጫወታት፤ ማጣበቂያው ያለቀለትን ነሐስ እያበላሸ መከራውን እንዳበላው። እሷም ቆይ አስቤበት የሆነ ነገር እልክልሃለሁ አለችው። ያቺን ቃል ይዞ እንደ ህጻን ሲጠብቅ ሰነበተ።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ጋሼ ውብሸት ናቸው። አብዱልሰላም የተመለሰበትን ቢላ እንደ አዲስ እየገጠመ ሁለት እጁ ማጣበቂያ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በክርኑ ነክቶ እየጮኸ አነጋገራቸው። የመጀመሪያው ቢላ አንገት በነሐስ ፈንታ በነጭ ብረት ቢሆንስ ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ኒካው እኮ ታሰረ» አላቸው። «አሁን በዚህች ደቂቃ። ከእንግዲህ መለያየት የለም። ነገ ይዣት እመጣለሁ፤ ሲያዩዋት ይወዷታል።»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በዚያች ሰዓት ነው አፍራ በበሬ ያለፈችው። አፍራ በሰኔ ነው ቅያሳችን የገባችው፤ ፊት ለፊቴ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። የሰማችውን ሁሉ የምታምን ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ አልችልም።

«ሰማሽ አፍራ?» አልኳት። «አብዱልሰላም ኒካ አሰረ። አሁን ጠዋት።»

ማንን ብላ ድርቅ አለች። አንገቷ ወርቅ የሚመስል፣ ከላይ እስከ ታች የምታበራ፣ ነገ ወደ አማኑኤል የሚወስዳት አልኳት። ትንሽ ላንገላታትና እውነቱን ነግሬያት አብረን ልንስቅ ነበር ሐሳቤ። መሃል ላይ አንዲት ሴት መጥታ ክዳን ያለው ድስት አሳዪኝ አለችኝ። ክዳኑ ይገጥማል አይገጥምም ስንባባል ቆይቼ ዘወር ስል አፍራ የለችም። እኔም እረሳሁት። ጤፍ ልገዛ እህል በረንዳ ሄድኩ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ በዚያው ቤቴ ገባሁ። ሰው ቤት እሳት ለቅቄ እኔ ጤፍ ሳማርጥ ዋልኩ ማለት ነው።

አፍራ ለካ ጸጉሯን ልትሰራ ካሚላ ጋ እየሄደች ነበር። ወንበሩ ላይ ሆና የሰማችውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ አወራችላት። በኋላ እንደነገረችኝ የካሚላ እጅ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ስራውን ቀጠለ። ጸጉሯን ጨርሳላት መደርደሪያው ላይ ለትልልቅ ሰርግ ያስቀመጠችውን ጥሩውን ሂና አወረደችና፣ ይህን ለአብዱልሰላም ስጪልኝ፣ ለሙሽሪት ነው በይው አለቻት። ኩሩ ናት። እንደ ባለፈው ጊዜ ስታለቅስ ማንም እንዲያያት አልፈለገችም።

አፍራ መልእክቱን አደረሰች። «ካሚላ ለሙሽሪት ብላ ነው የላከችው» አለችው።

አሁን አብዱልሰላምን አስቡት። በዚህ ዓለም ላይ እሱ የሚያውቃት ሙሽሪት አንዲት ናት፤ ቢጫዋ ቱቦ። ካሚላም አስቤ የሆነ ነገር እልካለሁ ብላዋለች። ይኸው ላከች። ፊቱ በራ፣ አላህ ይስጣት አለ፣ የቱቦዋን ስም ከማን እንደሰማች እንኳ አልጠየቀም። እህቶቹ ሲያደርጉ እንዳየው ሂናውን በሎሚ ለወሰና ሁለተኛውን ቢላ አንስቶ የነሐሱን አንገት ዙሪያውን ለቀለቀው። በጣቱ ነው የለቀለቀው፣ በአስሩም።

የሚገርመው መስራቱ ነው። ሂናው እስኪደርቅ ጠብቆ ማግስቱን እጀታውን ገጠመ፤ ተጨምቃ የወጣችው ማጣበቂያ የደረቀው ሂና ላይ ተኛች፣ በጥፍሩ ጫር ሲያደርጋት ከነሂናው ተፈርፍራ ወደቀች። ከስሩ የወጣው ነሐስ አንድም ነጠብጣብ የለበትም። ችግሩ ሎሚውና ሂናው አንድ ላይ ሆነው ነሐሱን አቅልተውታል፤ የተላጠ ካሮት መስሏል። የአብዱልሰላም ጣቶችም እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እንደዚያው ናቸው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሱቄ በር ቆሜ ሳለሁ ቢላውን በጨርቅ ይዞ እየሮጠ ወጣ። አብዱልሰላም ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ምን ሆነ ብዬ ተከተልኩት። ካሚላ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ፎጣ ታጥፍ ነበር።

«ካሚላ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ሂናሽ ሰራልኝ» አላት እያለከለከ። «ሙሽሪቷ ገና ዛሬ አደብ ገዛች። አንገቷ ብቻ ነው የቀላው፤ ባሸው ባሸው አልለቅ አለኝ። ለሱስ ምን ይሻለኛል?»

ካሚላ ፎጣውን ማጠፏን ተወች። የምታየው ጣቶቹን ነው። አስር ጣት ሙሉ ሂና፤ የትኛውም ሙሽራ እንዲህ አሳምሮ አይገባም። ቅያሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሯት አየ። እሷና አብዱልሰላም ከቅርበታቸው የተነሳ አንቺና አንተ ከተባባሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ግን ካሚላ ቀና አለችና፣

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው። «ኒካው ሙባረክ ይሁን።»

እሱ ደግሞ በገዛ ቋንቋው ያወራችው መስሎት ደስታው ወሰን አጣ። «አሚን፣ አሚን» አላት። «ገና አራት ይቀሩኛል እኮ።»

በሩ ተዘጋ። እኔ እስከዚህች ድረስ እየሳቅኩ ነበር፣ አልዋሽም። በሩ ሲዘጋ ግን የካሚላን ፊት አየሁት፣ ሳቁም አፌ ላይ ቀረ። አብዱልሰላም ቀይ ጣቶቹን አንጠልጥሎ፣ እትዬ ምስራ ምን አጠፋሁ አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። ውስጤ ግን እያወቀ ነበር። በቀጥታ ወደ አፍራ ሄጄ ትናንት ያልኩሽን ለማን ነገርሽ ስላት፣ ለካሚላ፣ ምነው ሚስጥር ነበር እንዴ አለችኝ። ከዚያ የሂናውን ነገር ነገረችኝ። ክው አልኩ። ሰው በቀልድ ይሞታል ሲባል አላምንም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን የሞትኩ መሰለኝ።

የሳሎኑን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ስትከፍተው ዓይኗ ቀልቷል። ወለሉ ላይ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ልብስና ፎጣ ግማሹ ገብቷል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ልትሄድ ነው። ለአባቷ ደውላ ያ ያልኩዎት ሰው አግብቷል ብላ ነግራቸዋለች።

«እትዬ ምስራ፣ እኔን ያንገበገበኝ ማግባቱ አይደለም» አለችኝ፣ ፎጣውን እንደያዘች። «ሀገር ሁሉ ከኔ ቀድሞ ማወቁ ነው። ባለፈውም ከገበያ ነው የሰማሁት። ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም ብዬ ነበር።»

እኔ እኮ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ። ለቀብር እንኳ ተረብ አላጣም። በዚያች ሰዓት ግን አንጀቴን በላችው።

«ልጄ፣ የሰማሽው ውሸት ነው» አልኳት። «የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ጣቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ አለችኝ። ተቀመጪ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሁለቱ ቱቦ፣ ስለ ሙሽራውና ስለ ሙሽሪት፣ ኒካው ታሰረ ማለት ማጣበቂያው ደረቀ ማለት እንደሆነ፣ ወደ አማኑኤል የምትሄደውም የጋሼ ውብሸት ቢላ መሆኗን። እንዳታምነኝ መብቷ ነው። እኔን የሚያምን ሰው ቅያሱ ውስጥ አፍራ ብቻ ናት፣ እሷም ከዛሬ በኋላ አታምነኝም።

«ሂናውንስ ምን አደረገበት?» አለችኝ በመጨረሻ።

እኔም በውል አላወቅኩም ነበርና፣ ሄደን እንየው አልኳት።

አብዱልሰላም ወርክሾፑ ውስጥ ጣቶቹን በጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ይፈትግ ነበር። ከቢላው ነሐስ ባልተናነሰ ራሱን እየሞረደ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጨመቀ ሎሚና የሂና ትርፍ ያለበት ሳህን አለ፤ ሳህኑ የኔ ነው፣ ሳያስፈቅድ ነው የወሰደው። ካሚላ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ የታሰረችውን ባለ ቀይ አንገት ቢላ አየች።

«ይሄን ነው ሂና የቀባኸው?» አለችው። ከእርስዎ ወደ «አንተ» ተመልሳለች። እኔ ነኝ ያስተዋልኩት፣ እሱ አላስተዋለም።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሽው? ለሙሽሪት ብለሽ» አላት።

እንደገና መናገር ግድ ሆነብኝ። ለሱ መናገሩ ለእሷ ከመናገሩ ባሰ። አፍራን እንዴት እንዳታለልኳት ስነግረው ቀስ ብሎ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ካሚላ ከአንድ ቀን በላይ ያገባ ሰው አድርጋ እንዳየችው፣ ገና አራት ይቀሩኛል ያላትም ምን እንደመሰላት ሲገባው በቀይ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ምስራ ብቻ አለኝ። ከስድብ ሁሉ የከፋችብኝ እሷ ናት።

ነሐሴ ነውና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ካሚላ አንድም ቃል ሳትናገር ወጥታ ሄደች። በቃ ሄደች ስል ቫዝሊን፣ ጥጥ፣ አሴቶንና አንድ ፓኮ ስቴኪኒ ይዛ ተመለሰች።

ሂና ድሮም ለእጅ እንጂ ለብረት አይደለም አለችው። ጸጉር ቀለም ስትቀባ ቀለሙ ግንባርና ጆሮ ላይ እንዳይቀር መጀመሪያ ቆዳውን በስሱ ቫዝሊን ትቀባለች፤ ለሱም ልትልክለት ያሰበችው ይህንን ነበር። ሦስተኛውን ቢላ አንስታ፣ በጥጥ ጫፍ የነሐሱን ውጪ ብቻ፣ ብርሃኑ እስኪደበዝዝ ያህል በስሱ ቀባችው። ጭራውን እንዳትነኪ፣ እሱ ከቀባ እጀታው አይዝም ብሎ ሊነግራት ሲል ቀደመችው፤ ጸጉር ስሩ ላይ ቅባት ካለበትም ቀለም አይዝም፣ አውቃለሁ አለችው። ጭራውንና የጉድጓዱን ዙሪያ አሴቶን በነካ ሌላ ጥጥ አጸዳችለት።

አብዱልሰላም ሁለቱን ቱቦ አማሰለ። ያን ቀን ሙሽራውም ሙሽሪትም አላላቸውም፣ ስማቸውን ለመጥራት ፈራ። ጉድጓዱን ሞላ፣ ጭራውን ከተተ፣ በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ሞርሳው ያቺን ባለ ቀይ አንገት ይዟልና እስኪደርቅ ድረስ ራሱ መያዝ አለበት፤ ከለቀቀ እጀታው ያጋድላል። በብርድ ደግሞ አምስት ደቂቃው አስር ይሆናል። ማጣበቂያው እንደ ልማዱ በአንገቱ ዙሪያ ተጨምቆ ወጣ። ካሚላ በደረቅ ጥጥ አንዴ ዞር ስታደርገው ከነቫዝሊኑ ተነሳ። ጥጉ ውስጥ የቀረችውን ቀጭን መስመር በስቴኪኒ ጫፍ ለቀመቻት። ነሐሱ እንደተወለወለ ነው። ለዓመታት ያስለቀሰው ነገር በአንዲት ጥጥ አለቀ።

እሱ ግን ነሐሱን አላየውም። እሷን ነበር የሚያየው፣ ያውም መሬት ሳያይ።

«ካሚላ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

«ለማን?»

«ለአባትሽ። ስድስቱ ሲያልቁ ልነግርሽ ነበር።»

«ስድስቱ ሲያልቁ» አለች። «ቅያሱ ሁሉ ከሰማ በኋላ ማለት ነው። እኔ ከሰው መስማት አልፈልግም አብዱልሰላም። ክፉም ይሁን ደግ መጀመሪያ ካንተ አፍ ልስማ። አሁን ደውልላቸው።»

እጄ ተይዟል አላት፤ እውነቱን ነው፣ ቢላውን እንደጨበጠ ነው። እኔ እይዝልሃለሁ አለችው። ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፈተችና አፉ አጠገብ ያዘችለት። አብዱልሰላም አሰላመ። ስሙን ተናገረ። ከዚያ በሕይወቱ ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ተናገረ፤ ልጅዎን እንደምወዳት እሷ ሳትሰማ ለማንም አልናገርም ብዬ ነው የቆየሁት፣ አሁን እሷ እየሰማች ለእርስዎ እናገራለሁ፣ ከፈቀዱ ሽማግሌ እልካለሁ አላቸው። እኔ ጥግ ቆሜ እንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ቃል የት ደብቆት ነበር?



«አንተ ትናንት ያገባኸው ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉ ሐጂ አብዱልከሪም። «ልጄ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ሁለተኛ ልታሾፉባት ነው?»

በአብዱልሰላም ግንባር ላብ ወረደ፣ እሱን እንኳ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ካሚላ ዘወር አለችና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ዓይኗ ላይ ቁጣ የለም፤ እየጠበቀች ብቻ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ስንት ሰው አሳፍሬያለሁ፤ ራሴን አሳፍሬ ግን አላውቅም። ይህ ልጅ የሚተርፈው በእኔ ውርደት መሆኑ ገባኝ።

«ሐጂ፣ ምስራ እባላለሁ፤ መሳለሚያ ሳህን የምሸጥ ሴት ነኝ» አልኩ። «ልጁ አላገባም። ያገባ አስመስዬ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ላስቅ ብዬ። የልጅዎን ቁስል አውቀው ነበር፣ እያወቅኩ ነካሁት። ወላሂ እሱ ምንም አላጠፋም። እኔን ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂ አብዱልከሪም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ እሰማቸዋለሁ» አሉ። «ያቺን ሴትዮ ግን አብረው እንዳያመጧት።»

ስልኩ ተዘጋ። የምመልሰው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ካሚላ መጀመሪያ አፏን በክንዷ ያዘች፣ ከዚያ አልቻለችም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። በኔ ላይ ነው የምትስቀው። አመመኝ፣ ደስም አለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አብዱልሰላም እጀታውን እንደጨበጠ ነው፣ ከደረቀ ቆይቷል። እሷም ሳቋ ሲያባራ የግንባሩን ላብ በእጇ ጠረገችለት፣ ከዚያም እጇን ከፊቱ አላወረደችም። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ፤ ያየሁትንም እስከ ዛሬ ድረስ ለማንም ሳልነግር ቆይቻለሁ።